የጉደሩ ክሊኒክ የይለፍ ቃል

ይህ የሆነ ነገር ነው።

"ፈጠራ ነው" የሚል ካለ እዚህ ጋ ያቁም፤ አልቀየመውም። እኔም ሃዊ መጀመሪያ ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር። ያመንኳት የቀኝ እጇን አንጓ ካየሁ በኋላ ነው... አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን ተጣሞ ነው የገጠመው።

ቀኑ እሁድ ነው፤ ሐምሌ 2015 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው ጉደር፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ የግል ክሊኒክ። ስሙን አልጽፈውም። ዛሬም ሰው ይታከምበታል።

"እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው ሌሊት ነው" የምትሉ አላችሁ። ይሄኛው በቀን መጣ። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ቀን እንኳን ለኛ ቢቀር ምናለበት።

ሃዊ የአምቦ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ "አይቲዋ" ነው የሚሏት። ኮምፒውተር ሲደርቅ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ፣ ዋይፋይ እምቢ ሲል የምትጠራው እሷ ናት።

ናኦሚ ደግሞ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከሃዊ በአራት ዓመት ትበልጣለች። በቸርቻቸው መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ ሰው ስታናግር ግን ድምጿ አይሰማም። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

የሰበራቸው ባሏ ነው። ጉርሙ ይባላል።

እና ልብ በሉ... ጉርሙ ከሃዊ በፊት የዚያው ክሊኒክ አይቲ ነበር።

የተባረረው ከአምስት ወር በፊት ነው። በኮሪደሩ ላይ፣ በሽተኞች ተሰልፈው እያዩ፣ የናኦሚን ጭንቅላት ከግድግዳ ጋር ሲያላትም ተያዘ። ሦስት ቀን ታስሮ ወጣ። ናኦሚም ፍቺዋን ጨርሳ፣ ቤት ቀይራ፣ ስልክ ቁጥር ቀይራ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጉርሙ ሥራውን ሲያስረክብ ለሃዊ አንድ ቁራጭ ወረቀት ተወላት። የሁሉም ማሽን የይለፍ ቃል አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። በላቲን ፊደል ተጣብቆ የተጻፈ...

"ናኦሚ የኔ።"

ሃዊ ስታየው ዘገነናት። ግን አልቀየረችውም።

ለምን እንዳትሉኝ። እኛ ጋ የሚሠራ ነገር አይነካም። ሥራ አስኪያጁ ገና በገባች ቀን "የኔ ልጅ፣ ኔትወርኩ እየሠራ ነው፤ እንዳትነካኪው" አላት። እሷም አልነካችውም። አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ "ናኦሚ የኔ" እያለች ስትጽፍ ከረመች።

ሌላም ጥፋት ነበር።

በምድር ቤቱ፣ በአንደኛ ፎቅና በሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ አንድ አንድ የዋይፋይ ማሰራጫ ተለጥፏል፤ ነጭ ሳህን ይመስላል። ሦስቱን የሚያዝዝ አንድ መቆጣጠሪያ ገጽ አለ። ገጹን የከፈተ ሰው የማን ስልክ እንደተገናኘ በስሙ ያያል። በየትኛው ፎቅ እንዳለም ያያል።

እንዲህ ያለ ገጽ በገመድ ከተያያዘ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው መከፈት ያለበት፤ ያውም በተመሰጠረ መንገድ። ግን የኛ ባለሙያ መሰላል መሸከምና ፎቅ መውጣት አይወድም። ከቆመበት ሆኖ በስልኩ እንዲያዝዘው ልቅ አድርጎ ይተወዋል። ጉርሙም እንደዚያ አድርጎ ነበር የተወው፤ ሃዊም እንዳለ ተረከበችው።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ናኦሚ ወደ ሃዊ ክፍል መጣች። በሩን ዘጋች።

"ሃዊ ኮ... የት እንዳለሁ ያውቃል።"

"ማን?"

"እሱ። ላብራቶሪ ስሆን በላብራቶሪው በኩል ከአጥሩ ውጪ ቆሞ አየዋለሁ። ትናንት ድንገት ማዋለጃ እንድረዳ ላኩኝ። ለማንም አልተናገርኩም። በመስኮት ቁልቁል ሳይ... በማዋለጃው በኩል ቆሟል።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። ስልኩን ያያል... ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። ትናንት ጣቱን አንገቱ ላይ እንዲህ አደረገው።"

በጣቷ ከጆሮ እስከ ጆሮ አሳየቻት።

ሃዊን የያዛት "ስልኩን ያያል" የሚለው ነው። ወዲያው ገባት። ዋይፋዩ አጥሩን አልፎ መንገድ ይደርሳል፤ የይለፍ ቃሉ የእሱ ነው፤ ገጹ ልቅ ነው።

አፍራ ለናኦሚ አልነገረቻትም። "እሁድ አስተካክለዋለሁ" ብቻ አለቻት። በሥራ ቀን ኔትወርኩ ለደቂቃ ከተቋረጠ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ግቢ ድረስ ይወጣል፤ ሥራ አስኪያጁም ይጮኻል።

አራት ቀን። እኔም ጠይቄያታለሁ፤ "አራት ቀን እንዴት አስቻለሽ?" ብዬ። አለቀሰች።

እሁድ ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላባራም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጉደር ላይ መብራት ሲቆይ የሞባይል ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል፤ ስልክ የሚያገለግለው ሰዓት ለማየት ብቻ ይሆናል። የክሊኒኩ ጄኔሬተር ግን እያጓራ ነው።

ዶክተሩና ነርሷ ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት በአምቡላንስ ይዘው ወደ አምቦ ሄደዋል። ሕንፃው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሃዊ ሁለተኛ ፎቅ ጥግ ባለችው ክፍሏ፣ ናኦሚ አንደኛ ፎቅ ላብራቶሪ፣ ጥበቃው ኦቦ ሙለታ በሩ ላይ።

ሃዊ ኮምፒውተሯን በገመድ አያያዘች። የምትሠራውን በወረቀት ጽፋለች። ልቁን መንገድ መዝጋት፣ የተመሰጠረውን መክፈት፣ የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ከዚያ ከራሷ ኮምፒውተር በቀር ማንም እንዳይገባ መከልከል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ "ናኦሚ የኔ" ብላ ጻፈች።

ገጹ ተከፈተ። ከላይ በቢጫ አንድ መስመር ወጣ...

"ሌላ አስተዳዳሪ አሁን ገብቷል።"

መጀመሪያ የራሷ ስልክ መሰላት። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል።

ወደ ተገናኙት ዝርዝር ወረደች። ሁለት ስም ብቻ አለ።

ናኦሚ፣ አንደኛ ፎቅ።

ጉርሙ፣ ምድር ቤት።

ከአጥር ውጪ የሚገናኝ ሰው ሲግናሉ ደካማ ነው፤ አንድ ሰረዝ ቢያሳይ ነው። የጉርሙ አራቱም ሰረዝ ሞልቷል... ሕንፃው ውስጥ ነው።

የውስጥ መስመሩን ስልክ አንስታ ወደ ጥበቃ ቤቱ ደወለች። ጠራ። ጠራ። ማንም አያነሳም።

ተነስታ በመስኮት አየች። የኦቦ ሙለታ ጃንጥላ ተገልብጦ ጭቃ ላይ ወድቋል። ሁለት የቦቲ ጫማ ከጥበቃ ቤቱ በር ወጥቶ ይታያል፤ ጫማው ውስጥ እግር አለ። ከበሩ ወደ ቦዩ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ቀይ ነው።

ወደ ላብራቶሪ ደወለች።

"ሃሎ፣ ላብራቶሪ።"

"ናኦሚ... ድምፅ እንዳታሰሚ። ገብቷል።"

በመስመሩ ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

"ኦቦ ሙለታስ?"

"መትቷቸዋል። ስልክሽን አጥፊው። ድርግም አድርጊው።"

"... አጠፋሁት።"

"እዚያው ፎቅ ላይ ራጅ ክፍል ግቢ። በሩ እርሳስ የተለበጠ ነው፤ ሲግናል አይገባበትም፣ አይወጣበትም። ከውስጥ ቆልፊና መብራቱን አጥፊ። እኔ ራሴ መጥቼ ስምሽን ካልጠራሁ አትክፈቺ።"

"ማሎ፣ እባክሽ ሃዊ... አንቺም ነይ።"

"እመጣለሁ። ደፊ፣ ደፊ... ፍጠኚ!"

ሃዊ ያኔውኑ ሮጣ ልትወርድ ትችል ነበር። ያስቀራት ገጹ ላይ ያለ አንድ ክፉ ነገር ነው። ስልክ ቢጠፋ እንኳን መጨረሻ የታየበትን ፎቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሳያል። ጉርሙ ስልኩን ሲያይ "ናኦሚ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ከጥቂት ሰከንድ በፊት" የሚለውን ያነባል። አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት ክፍሎች ስድስት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ተቀመጠች።

ልቁን መንገድ ዘጋች። የተመሰጠረውን ከፈተች። አዲስ የይለፍ ቃል አወጣች፤ ሃያ ፊደል፣ የትም ያልጻፈችው፣ ለማንም ያልነገረችው። ከገመዱ ውጪ በአየር የሚመጣውን ሁሉ ከለከለች። የራሷን ኮምፒውተር ብቻ ፈቀደች።

ይህን ስታደርግ በዝርዝሩ ላይ ያለው ተቀየረ።

ጉርሙ፣ አንደኛ ፎቅ።

"አስቀምጥ" የሚለውን ተጫነች።

ማሰራጫዎቹ ጠፍተው እስኪነሱ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሃዊ በሕይወቷ እንደዚያ ረጅም ደቂቃ አታውቅም። ከታች በር ሲረገጥ ሰማች። ብርጭቆ ሲረግፍ ሰማች፤ ላብራቶሪው ነው። ሌላ በር። ሌላ በር...

ገጹ ተነሳ። ቢጫው መስመር የለም። ጉርሙ ተጥሏል።

ከታች የነበረው ኳኳታም ቆመ።

ሃዊ በደስታ አፏን በእጇ ያዘች። አሁን እሱ ዕውር ነው። አሁን ናኦሚ የት እንዳለች የሚያሳይ ነገር በሕንፃው ውስጥ አንድ ብቻ ነው...

እሱም ፊቷ ያለው ኮምፒውተር ነው።

ያኔ ነው የገባት። ጉርሙም ባለሙያ ነው። ገጹ ሲዘጋበት ማን እንደዘጋው፣ ከየት እንደዘጋው ወዲያው ያውቃል። የዚያን ክፍል ገመድ የዘረጋው እሱ ነው።

ደረጃው ላይ እርምጃ ተሰማ። አይቸኩልም። ከእርምጃው ጋር አንድ ብረት ደረጃውን ቀስ እያለ ይነካል... ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

"ሃዊ..." አለ ድምፁ። "ቆለፍሽብኝ አይደል? ጎበዝ። አምስት ወር ሙሉ መቼ ይሆን የምትሠሪው እያልኩ ነበር።"

ከገጹ ወጥታ ዘጋችው፤ የፕሪንተሩን ጠረጴዛ ወደ በሩ ገፋች። ወንበር አስደገፈች። የበሩ ቁልፍ ቀጭን ናት፤ የቢሮ በር ናት።

በሦስተኛው ምት እንጨቱ ተሰነጠቀ። በአምስተኛው የብረቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ፤ ፌሮ ነው፣ የግንባታ ፌሮ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ፀጉር ተጣብቋል። የኦቦ ሙለታ ፀጉር።

ሃዊ ጮኸች። ጄኔሬተሩ ድምጿን ዋጠው።

በሩ ከነማጠፊያው ወደቀ። ጉርሙ ጠረጴዛውን በእግሩ ገፍቶ ገባ። የለበሰው ንጹሕ ሸሚዝ ነው። ፂሙን ተላጭቷል። ቤተ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ይመስል ነበር ትላለች ሃዊ፣ ፌሮው ባይኖር።

የመጀመሪያው ምት ትከሻዋ ላይ አረፈ። ወደቀች። ፀጉሯን ይዞ አነሳትና ኮምፒውተሩ ፊት ወንበሯ ላይ አስቀመጣት።

"ክፈቺው።"

"አላውቀው..."

ፊቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። ጥርሷ ከንፈሯን በጥሶ ወጣ። ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ።

"ክፈቺው አልኩሽ።"

ሃዊ ጻፈች። ስህተት። እንደገና ጻፈች። ስህተት። ሆን ብላ ነው፤ አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ገጹ ለግማሽ ሰዓት ይቆለፋል።

ጉርሙ ሳቀ። "ይሄን ለኔ ልታስተምሪ ነው?"

ቀኝ እጇን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፌሮውን በሁለት እጁ አነሳ። አንዴ መታት።

የአጥንቱን ድምፅ ነው እስከ ዛሬ የምትሰማው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለውን ድምፅ።

"ግራ እጅሽ ቀርቶልሻል" አላት፣ ጆሮዋ ስር። "ጻፊ።"

እና ሃዊ ለራሷ አሰበች... የናኦሚ ስልክ ጠፍቷል። ራጅ ክፍል ሲግናል አይገባም። አሥሩ ደቂቃም ሊያልፍ ነው። ብከፍትለት ባዶ ዝርዝር ነው የሚያየው።

በግራ እጇ፣ አንድ ፊደል አንድ ፊደል እየለቀመች፣ ሃያውን ጻፈች።

ዝርዝሩ ወጣ።

ናኦሚ፣ ምድር ቤት፣ አሁን ተገናኝታለች።

አራቱም ሰረዝ ሞልቷል። የምድር ቤቱ ማሰራጫ የተሰቀለው ከኋላ በኩል ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አጠገብ ነው።

"አይደለም" አለች። "ስህተት ነው። እሷ እዚያ አይደለችም።"

"ስህተትማ አይደለም" አለ ጉርሙ። ፊቱ በራ። "ልብስ ማጠቢያ። ሁልጊዜ ስትፈራ እዚያ ነው የምትገባው።"

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን በፌሮው መታውና ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ያፏጭ ነበር።

ሃዊ ወለሉ ላይ ተኝታ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር። ገደልኳት። በገዛ እጄ፣ በገዛ ቃሌ፣ አሳልፌ ሰጠኋት።

ተነሳች ማለት አይቻልም። ተጎተተች። በአንድ እጅና በአንድ እግር ኮሪደሩን አለፈች፣ ደረጃውን በቂጧ ወረደች። ናኦሚ ከራጅ ክፍሉ ወጥታ ከሆነ ልትጮህላት፣ ልታስጠነቅቃት ነው። ለመጮህ አፏን ስትከፍት ደም ብቻ ነው የሚወጣው።

ከታች የጉርሙ ድምፅ ይመጣል።

"ናኦሚ... የኔ... ናኦሚ..."

ራጅ ክፍሉ በር ጋ ደረሰች። ዝግ ነው። በጥፍሯ ቧጠጠች።

"ናኦሚ..." አለች። "ሃዊ ነኝ... ናኦሚ።"

ቁልፉ ቀስ ብሎ ዞረ።

ናኦሚ ናት። በጨለማው ውስጥ ዓይኗ ፈጦ ቆማለች።

"ቶሎ ተመለስሽ" አለች ናኦሚ፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ ደሙን አየች፤ እጇን አየች። ጎትታ አስገባቻትና በሩን መልሳ ቆለፈች።

"ስልክሽ..." አለች ሃዊ። "ለምን ከፈትሽው?"

ናኦሚ ከነጭ ጋወኗ ኪስ ስልኩን አወጣች። ጥቁር ነው። ድርግም ብሏል። እጇ ላይ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

"አንቺ አጥፊው ስትዪኝ አጠፋሁት። ከዚህ ክፍልም አልወጣሁም።"

ሁለቱ ተያዩ።

ከሥራቸው፣ ከወለሉ በታች፣ የልብስ ማጠቢያው በር ሲዘጋ ተሰማ። ወፍራም በር ነው፤ ሲዘጋ ሕንፃው ይሰማዋል።

"አገኘሁሽ" አለ ጉርሙ።



ከዚያ፣ በሌላ ድምፅ...

"ማነሽ?"

"አንቺ... ማነሽ?"

ፌሮው ሲወነጨፍ ሰሙ። የመታው ነገር የለም፤ ግድግዳ ላይ አረፈ። እንደገና ተወነጨፈ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምት ድምፅ ነው። ፌሮ አይደለም። ከባድ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ። አንድ... ሁለት... በመካከላቸው ጊዜ አለ። የሚመታው የማይቸኩል ነው።

ጉርሙ ጮኸ። እንደ ወንድ አልጮኸም፣ እንደ ሴትም አልጮኸም። ከዚያ መለመን ጀመረ።

"ማሎ... ማሎ... ይቅር በዪኝ..."

ናኦሚ ጆሮዋን ያዘች። ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ያንን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም።

ሦስት... አራት... አምስት።

ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ። ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

አምቡላንሱ ከአምቦ የተመለሰው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሹፌሩ ኦቦ ሙለታን አየና ፖሊስ ጠራ። ኦቦ ሙለታ ተርፈዋል፤ አሥራ ዘጠኝ ስፌት ተሰፍተዋል፣ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ስለዚያ ቀን ስትጠይቋቸው ወሬ ይቀይራሉ።

የልብስ ማጠቢያውን በር ሦስት ሰው ተጋግዞ ነው የሰበረው። ከውስጥ ነበር የተቆለፈው። ሌላ በር የለውም፤ መስኮቱ ድመት አያሳልፍም።

ጉርሙ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጀርባው ግድግዳው ላይ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ዞሮ። ግድግዳው ላይ በአንድ ሰው ቁመት ልክ አምስት ቦታ ደም ነበር። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ወደ ላይ ታጥፈው ተሰብረዋል። የተቀሩት ጤነኛ ናቸው።

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው "በሳሙና ውሃ አዳልጦት ወድቆ" የሚል ነው። እኔ ከወረቀት ጋር አልጣላም። ግን አምስት ጊዜ ወድቆ የሚሞት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሃዊ ወደ ሥራ የተመለሰችው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እጇ ጀሶ ውስጥ ሆኖ። በሩ ተቀይሯል። የኪቦርዱ ቁልፎች መካከል ያለውን ደም ማንም አልጠረገውም።

ሳትፈልግ ገጹን ከፈተች። የመግቢያ መዝገቡን ማየት ነበረባት፤ ሳታየው እንቅልፍ አይወስዳትም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ፤ የራሷ ኮምፒውተር ቆለፈ ይላል። ልክ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት... አንድ መሣሪያ ገብቷል። በተመሰጠረው መንገድ ነው የገባው። ሃያውን ፊደል በመጀመሪያ ሙከራ ነው የጻፈው። በአየር ነው የመጣው፣ እሷ የከለከለችው በር በኩል። በአንደኛ ፎቅ ማሰራጫ። ስም የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ሠርቷል። ለራሱ "ናኦሚ" የሚል ስም አወጣና ወጣ።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ምድር ቤት ታይቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ሃዊ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ እጇ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ። ቃሉ ከጭንቅላቷ ውጪ የትም አልነበረም።

መዝገቡን ለናኦሚ አሳየቻት። ናኦሚ አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

"ሃዊ" አለች በመጨረሻ። "ያን ቀን... መጀመሪያ የመጣሽ ጊዜ..."

"መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ምን?"

"ጨለማው ውስጥ። አጠገቤ ተቀምጠሽ እጄን ያዝሽኝ። ሳለቅስ 'ጨሊሲ፣ ዝም በዪ' አልሽኝ። እጅሽ ይቀዘቅዝ ነበር። ቆይተሽ 'መጣሁ' ብለሽኝ ሄድሽ።"

ሃዊ ጀሶ ውስጥ ያለ እጇን አየች።

"በሩ ሲከፈት ግን አልሰማሁም" አለች ናኦሚ። "ያኔ አላሰብኩትም... አንቺ አልነበርሽም?"

"አልነበርኩም።"

ናኦሚ ራሷን ነቀነቀች። ብዙም የደነገጠች አልመሰለችም። ሃዊን የጨነቃት ያ ነው።

በዚያው ቀን፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ሁለቱም ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። ናኦሚ ቀድማ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሃዊ በጀሶዋ ምክንያት ዘግይታ ገባች። ሰው ሞልቷል፤ የቀረው ከናኦሚ ጎን ያለው ቦታ ብቻ ነው። ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

ናኦሚ ክንዷን ዘርግታ ከለከለቻት።

ረዳቱ ተቆጣ። "እህት፣ ቦታው ባዶ አይደል እንዴ? ትቀመጥ እንጂ!"

ናኦሚ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው አለው" አለች።

ሃዊ ወንበሩን አየችው። ስፖንጁ መሃል ላይ ጎድጉዷል፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው። የናኦሚ እጅ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል... መዳፏ ወደ ላይ ነው፣ ቆዳዋ በአራት ቦታ ወደ ውስጥ ተጫነና ነጣ፣ አንድ የማይታይ ነገር ቀስ አድርጎ ጨብጧታል።